የቲሞኒየሙ የሞዴል ባቡሮች ትርኢት

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ በሜሪላንድ ግዛት ቲሞኒየም ከተማ ቅዳሜና እሁድ የሚካሄደውን የሞዴል ባቡሮች ትርኢት የልጆች መዝናኛ ብቻ አድርጎ ማቅረቡ የሥራውን ጥልቀት ያሳንሰዋል። የክበብ አባላት በየቤታቸው የሠሯቸውን የመስመር ክፍሎች አዳራሹ ውስጥ አምጥተው ሲያጋጥሙ፣ የሐዲዶቹ ጫፎች በትክክል እንዲገናኙ ሁሉም አስቀድመው የተስማሙበትን መለኪያ መጠበቅ አለባቸው፤ እኔም ከሚሮጡት ባቡሮች ይልቅ ረጅም ጊዜ ቆሜ የምመለከተው ይህንን መጋጠሚያ ነው። ሞዴሉ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ በሚያንስበት በ1 ለ87 ልኬት የተለመደው የሐዲድ ስፋት፣ ማለትም በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀት፣ 16.5 ሚሊሜትር ነው፤ የድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር ግን የአንድ ሜትር ስፋት ስለነበረው፣ በዚሁ ልኬት ሊሠራው ለሚነሣ ሰው የሚስማማው ባለ 12 ሚሊሜትሩ ሐዲድ ነው። በአካባቢው ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል የድሬዳዋን ጣቢያ በዚህ መልክ ለመሥራት የሚያስብ ቢኖር፣ አብሬው ለመሥራት ከልቤ ፈቃደኛ ነኝ።