የድራይቩን ፓራሜትር ማን ወሰደው?

ዛሬም ጅማ ውስጥ አንድ የቡና ማሸጊያ ማሽን በሰርቮ ድራይቭ (የሞተሩን ፍጥነትና ቦታ የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ብልሽት ቆመ። አዲሱ ድራይቭ ከአዲስ አበባ መጥቷል፣ ሞዴሉም ያው ነው፤ ነገር ግን ማሽኑን የተከለው ባለሙያ ፓራሜትሩን፣ ማለትም በድራይቩ ውስጥ የተሞሉትን የማስተካከያ ቁጥሮች፣ የትም ሳያስቀምጥ ስለሄደ፣ የኤሌክትሮኒክ ጊር ሬሾውን (ትእዛዙ ሞተሩን ምን ያህል እንደሚያዞረው የሚወስነውን ቁጥር) እና የጌይኑን (ድራይቩ ስህተትን ለማረም የሚሰጠውን ምላሽ ጥንካሬ) መጠን ከባዶ ስፈልግ አመሸሁ። ይህ ስንተኛው ነው? የሞተሩን መዞር የሚለካው ባለ 17 ቢት ኢንኮደር በአንድ ዙር 131,072 ምልክት ይቆጥራል፤ ሬሾው ከተሳሳተ ከረጢቱ ያለ ቦታው ይቆረጣል። ጌይኑ ከበዛ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ካነሰ ከትእዛዙ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን ሁሉ በግምት እንድንፈልግ የሚፈረድብን ለምንድን ነው? ፋይሉን በላፕቶፕ ገልብጦ ለፋብሪካው መስጠት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ላፕቶፕ ባይኖር እንኳ፣ ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፎ በፓነሉ በር ላይ መለጠፍ ማንን ይከብዳል? ሠራተኞቹ ቡናውን ከምረው ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር።