ክርክር፦ የእንስሳት ሕክምናን ሦስተኛ ዓመት ላይ ማቋረጥ

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት የደረሰ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ትምህርቱን ትቶ ከብት ማደለብ ሊገባ ያስባል። አንድ የአዘዞ አድላቢ "ይተው" ይላሉ። በከተማው የምትሠራ የእንስሳት ሐኪም "ይቀጥል" ትላለች።

አድላቢው፦ ዶክተር እስኪባል ገና ዓመታት ይቀሩታል። ከዚያስ? የመንግሥት ቅጥር እንደ ድሮው አይገኝም። ቢገኝም ደሞዙ ከቤት ኪራይ አያልፍም። ገጠር ክሊኒክ ይመደባል፤ መድኃኒቱ ያልቃል፣ ሞተር ሳይክሉ ነዳጅ ያጣል። እኔ ጋ ቢመጣ ከጥምቀት በኋላ ከሲታ በሬ ገዝቶ፣ ፋጉሎና የቢራ አተላ አብልቶ፣ ለፋሲካ ይሸጣል። ሦስት ወር ገደማ ነው። እናቱንም ያግዛል። ልጁ እኮ የሚያሳስበው እሱ ነው።

ሐኪሟ፦ ጋሼ፣ ስለ ደሞዙ ያሉት ልክ ነው፤ እኔም የምኖርበት ነው። ግን ያ በሬ አንድ ቀን ጠዋት ሞቶ ቢገኝስ? ሆዱ ተነፍቷል። ከአፍንጫው የወጣው ደም ጠቁሯል፣ አልረጋም። ሥጋው እንዳይባክን ቢላዋ የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። አባሰንጋ የሚባለው በሽታ ከሆነ ግን መክፈት የለበትም። ሬሳው ሲከፈት ጀርሙ አየር ያገኝና ዘር ይሠራል፤ ዘሩ አፈር ውስጥ አሥርተ ዓመታት ይቆያል። የገፈፈውም የበላውም ሊታመም ይችላል። ይህን አይቶ "አትንኩ" የሚል ሰው ከየት ይመጣል?

በክፉ ቀን፣ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የከብት ደስታ የተባለው በሽታ የአገሩን በሬ ጨረሰ። የሚያርስ ታጣ፣ ሰው በረሃብ አለቀ። ያ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ያጠፋው ክትባት ነው፤ ክትባቱን ይዘው መንደር ለመንደር የዞሩት ደግሞ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ናቸው። ይህን ሥራ እወደዋለሁ፤ ልጁም እንዲያጣው አልፈልግም።

አድላቢው፦ ልጄ፣ ሐኪም አያስፈልግም አላልኩም። ለእኔ በሬ መጥተሽ ታውቂያለሽ፣ እግዜር ይስጥሽ። ግን ሁሉም ሐኪም መሆን አለበት? የመድኃኒት መደብሩ ልጅ ኦክሲ የሚሉትን አንቲባዮቲክ ወግቶ ያድናል።

ሐኪሟ፦ አንዳንዴ ያድናል። ግን ኦክሲ ገንዲ ለሚባለው የከብት በሽታ አይሠራም፣ ቫይረስም አይገድልም። ደግሞ ዛሬ የተወጋ በሬ ነገ ቄራ ከገባ መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ አለ፤ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት የመደብሩ ልጅ ነግሮዎት ያውቃል? የተማረ ሰው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ተማሪ ሦስት ዓመት ደክሞበታል፤ ክሊኒክ ገብቶ በእጁ የሚሠራበት ጊዜ ገና አሁን ሊመጣ ነው። ከብት ማደለቡንም ሲመረቅ ከማንም በላይ ይችልበታል። የግድ ከቸገረው ግን ዊዝድሮው፣ ማለትም የማቋረጫ ቅጹን፣ ሞልቶ ይውጣ። ዝም ብሎ ከጠፋ መመለሻው ይከብደዋል። ለክረምቱም እርስዎ ጋ ይሥራ።

አድላቢው፦ ወረቀቱን ይሙላ፣ እሱስ እሺ። ክረምት ግን ለእኔ አይሆንም። በሬ የሚገዛው በጥር ነው፤ በጥር እሱ ክፍል ውስጥ ነው።