«አስደንጋጩ ነገር»
ወላሂ ሰልችቶኛል! ትናንት ደሴ፣ ጎረቤት ቡና ላይ ነን። አቦሉ ሳይቀዳ አንዷ ስልኳን አወጣችና «ክትባት በወሰዱ ሕፃናት ላይ የደረሰው አስደንጋጭ ነገር!» ብላ አነበበች። እህቴ ክው አለች፤ ልጇ 9 ወር ሊሞላው ነው፣ የኩፍኝ ክትባቱ ደርሷል።

ስልኩን ተቀብዬ ጽሑፉን ከፍቼ አነበብኩት። አስደንጋጩ ነገር ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ትኩሳት! አንዳንዱን ልጅ ከሳምንት በኋላ ያተኩሰዋል፣ ሽፍታም ሊወጣበት ይችላል፤ በጥቂት ቀን ይለቀዋል። ይህንን ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስም ትነግርሃለች። ታዲያ ርዕሱ ላይ «ትኩሳት» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል? ላይክ አያመጣማ! ኩፍኝ ራሱ ሳንባ ምች እንደሚያመጣ፣ ዓይን እንደሚያጠፋ ግን ማን ይጽፋል?

እህቴ እስከ በረካ አልተነፈሰችም። ማታ ደውላ «ትንሽ ብናቆየውስ?» አለችኝ።