ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ማን ይቀራል?

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ጎንደር በእንግዳ ተጨናንቃ ነበር። ጥምቀት አልፎ ቃና ዘገሊላ ነው። የሚካኤል ታቦት ሊገባ ሕዝቡ በእልልታ ይተማል። በዚያው ዕለት ዋሽንግተን ላይ ዶናልድ ትራምፕ ቃለ መሐላ ፈጸሙና የውጭ እርዳታን ለ90 ቀን የሚያግድ ትእዛዝ ፈረሙ። እዚህ ልብ ያለው አልነበረም። እኔም ልብ አላልኩትም።

ብዙ ሳይቆይ ወሬው ደረሰ። በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ጻፈ። ከእነሱ አንዷን አውቃታለሁ። እዚሁ ከተማ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ዳታ ክለርክ ነበረች። ሥራዋ ቀላል ይመስላል። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በቀጠሯቸው መምጣታቸውን ታያለች። የቀረ ካለ ትደውላለች። ከመዝገቡ ሌላ የራሷ ደብተር ነበራት። “ባለቤቷ አያውቅም፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ብቻ ይደወል” ይላል አንዱ መስመር። “ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል፣ የሁለት ወር ይሰጠው” ይላል ሌላው። ሐሙስ ሥራ ላይ ነበረች። ሰኞ አልነበረችም።

ያን ሰሞን ሁለት ዓይነት ንግግር ሰማሁ። አንዱ “እንኳን ተዘጋ፣ ሲያሰንፈን የኖረ ነው” ይላል። ሌላው “በቃ፣ አለቀልን” ይላል። ሁለቱም አልተዋጡልኝም። ጎንደር እርዳታን በደንብ ታውቀዋለች፤ የሚቀረውንም፣ በኖ የሚጠፋውንም አይታለች።

እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያ ላይ ወባ ገብቶ ወደ 7,000 ሰው ፈጀ። በዓመቱ እዚህ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆነው ያቋቋሙት ፖይንት ፎር የተባለው የአሜሪካ የእርዳታ ፕሮግራም፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ናቸው። እርዳታ ነበር። ግን የመጣው መድኃኒት አድሎ ሊሄድ አልነበረም። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) ሊያሠለጥን ነው የመጣው። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ቆላ ድባን ወደመሳሰሉ ጤና ጣቢያዎች ይወርዱ ነበር። እዚያው እየኖሩ፣ በሽታውን ከነመነሻው እያዩ ይማራሉ። ተመርቀው ሲወጡ ደግሞ ሥራቸውም ደመወዛቸውም እዚሁ ከመንግሥት ነው።

ከዚያ ፖለቲካው ተገለበጠ። ደርግ ወደ ምሥራቁ ጎራ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1978 የሕክምና ፋኩልቲው ሲጀመር ያገዘው የምሥራቅ ጀርመኑ፣ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ኃያላን እርዳታ የሚሰጡት ወዳጅ እየመረጡ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ተመልከቱ። ምሥራቅ ጀርመን የምትባል ሀገር ዛሬ የለችም። የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድም ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. እርዳታ መስጠቱን በይፋ አቁሟል። ከዚያ ኮሌጅ ያደገው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግን አለ። ባለፈው ክረምት እናቴን ያከመቻት ሐኪም እዚያው የተማረች ናት።

የጎንደሩ ኮሌጅ በተከፈተበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1954፣ አሜሪካ ሌላ ዓይነት እርዳታ ጀመረች። የገበሬዎቿን ትርፍ እህል ወደ ውጭ የምትልክበት፣ ቁጥር 480 የተባለ ሕግ ጸደቀ። እህሉ የአሜሪካ ገበሬ ነው። ቢያንስ ግማሹም በአሜሪካ መርከብ መጫን ነበረበት። ያ ስንዴ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ብዙ ነፍስ አትርፏል። ይህን የሚያቃልል ሰው ረሃብን ከሩቁ ነው የሚያውቀው። የእርዳታው ዘይት ቆርቆሮ እኛ ግቢ ዛሬም አለ። ሁለት እጆች የተጨባበጡበት ምልክት ዝጎ ሊጠፋ ደርሷል። እናቴ ጤና አዳም ተክላበታለች።

ስንዴ ግን ተበልቶ ያልቃል። የሚመጣበትን ቀንም እኛ አንወስንም። ሰኔ 2015 ላይ ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም፣ እህሉ ለተቸገረው ሳይደርስ ገበያ እየወጣ ነው ብለው በመላ ሀገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ። ዩኤስኤይድ በመላ ሀገሪቱ እንደሚቀጥል ያስታወቀው ኅዳር 2016 ነው። በመካከሉ እዚህ ሰሜን ጎንደር ውስጥ ጃናሞራን፣ ጠለምትንና በየዳን ድርቅ መትቷቸዋል። እህሉን የሸጠው ሌላ፣ የተቀጣው ሌላ።

እኔ እርዳታን የምመዝነው በአንድ ነገር ነው። ሥራውን የሚሠራው ሰው ደመወዙን ከማን ነው የሚያገኘው? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ተመልከቱ። ለሥልጠናውም ለቁሳቁሱም ብዙ የውጭ ገንዘብ ገብቷል። ደመወዛቸው ግን፣ ትንሽም ቢሆን፣ የመንግሥት ነው። ያን ጥር ውላቸው ይቋረጥ የተባለው እነሱ አይደሉም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም እንዲሁ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር አንዱ ጎረቤታችን ፎገራ ነበር። ባለሙያና ምክር ከዩኤስኤይድ መጥቷል። መዋጮውን የሚያወጣው ግን ገበሬው ነው፤ ምንም ለሌለው መንግሥት ይከፍልለታል። አሠራሩ ከእድር ብዙ አይርቅም። ሰዉ ቶሎ የገባውም ለዚህ ይመስለኛል።

የዳታ ክለርኳ ደመወዝ ግን በፕሮጀክት ነበር። የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጊዜያዊ የሚባል ሥራ የለም። ታዲያ ለምን እንደዚያ ቀረ? ለሁለቱም ወገን ስለተመቸ ነው። ለጋሹ ቶሎ ሪፖርት የሚልክለት የራሱ ሰው ይፈልጋል። የእኛ ባለሥልጣን ደግሞ ሌላ የሚከፍልለትን ሥራ በጀት ውስጥ ለማስገባት አይቸኩልም። ገንዘቡ ከዋሽንግተን ሲመጣ ሪፖርቱም ወደ ዋሽንግተን ይሄዳል። የቀበሌ 18 ነዋሪ ስለ ራሱ ጤና ጣቢያ ማንን ይጠይቅ? ምክር ቤቱ ያላጸደቀውን ገንዘብ ምክር ቤቱ አይጠይቅበትም። ትልቁ ጉዳት ለእኔ ይኼ ነው። ከስንፍናው ይልቅ መጠየቅን መርሳታችን ያሳስበኛል።

አቅም የለንም የሚለውን እሰማለሁ። ከፊሉ እውነት ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብር ተዳክሟል። ክልላችን ውስጥ ያለው ጦርነት መንገድ ዘግቷል፣ ግብር የሚከፍለውን ነጋዴም አሽመድምዶታል። መድኃኒቱን ሁሉ ነገውኑ በራሳችን እንግዛ አላልኩም፤ አንችልም። ግን ለዓባይ ግድብ የወር ደመወዛችንን የሰጠን ሰዎች ነን። ትልልቆቹ አበዳሪዎች ፊታቸውን ሲያዞሩ ቦንድ ገዝተን ሠራነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ግድብ ይታያል፣ ሪባን ይቆረጥለታል። ለቀጠሮ የምትደውል ልጅ ደመወዝ ሪባን የለውም። ስለዚህ በጀት ሲያዝ የሚያስታውሰው የለም።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ከአሁን በኋላ የትኛውም የእርዳታ ውል ሲፈረም፣ የትኛው ሠራተኛ በስንተኛው ዓመት ወደ መንግሥት ደመወዝ እንደሚዛወር በግልጽ ይጻፍ። ያ ወረቀት ጤና ጣቢያው በር ላይ፣ ከለጋሹ ታፔላ አጠገብ ይለጠፍ። በጀት በሚጸድቅበት በሰኔና በሐምሌ ደግሞ የከተማችን ምክር ቤት አባላት ይጠየቁበት። ለምርጫ ሰሞን ንግግር ብቻ አይቀመጥ።

ያቺ ልጅ አሁን ከእህቷ ጋር ትንሽ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ደብተሯን ለጤና ጣቢያው ነርስ አስረክባለች። ነርሷ ግን ወረፋው ፋታ አልሰጣት ብሎ አንዳንዱን ገጽ ገና አልገለጠችውም። ከታካሚዎቹ እስከ ዛሬ የሚደውሉላት አሉ። “እህቴ፣ ቀጠሮዬ መቼ ነበር?” ይሏታል። የቻለችውን አስታውሳ ትነግራቸዋለች። ስልክ ቁጥሯን ያልቀየረችውም ለእነሱ ብላ ነው።