ቦድናትን ቦድናት ያደረገው ሰዉ ነው

በኔፓል ዋና ከተማ በካትማንዱ ስላለው የቡድሂስቶች መሳለሚያ፣ ስለ ቦድናት ስቱፓ (ጉልላት ያለው የተቀደሰ ሕንፃ) የጻፋችሁትን አነበብኩ፤ እናመሰግናለን። ግን ስለ ነጩ ጉልላትና በአራቱም አቅጣጫ ስለተሳሉት የቡድሃ ዓይኖች ብዙ ብላችሁ ተሳላሚውን ረሳችሁት።

እኔ የሄድኩት ገና ሳይነጋጋ ነው። ሱቆቹ ዝግ ናቸው፤ ዙሪያው ግን በሰው ተሞልቷል። ሁሉም ስቱፓውን በቀኙ አድርጎ ይዞራል። አንዲት አሮጊት በግራ እጃቸው መቁጠሪያ ይዘው፣ በቀኛቸው ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን የጸሎት መንኮራኩሮች (ጸሎት የተጻፈባቸው የሚሽከረከሩ በርሜል መሳዮች) አንድ በአንድ ይገፋሉ። አንዱንም አልዘለሉም። የመንኮራኩሮቹ ጠርዝ ከእጅ ብዛት ወዝቷል። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ሰዎች ጣውላ ላይ ሙሉ ሰውነታቸውን ዘርግተው ይሰግዳሉ፤ ይነሳሉ፤ እንደገና ይሰግዳሉ። የቅቤ መብራቱ ሽታ እስከ ማታ ከልብሴ አልወጣም።

ድሮ በቲቤቷ ላሳና በካትማንዱ መካከል የሚመላለሱ ነጋዴዎች እዚህ አርፈው ይጸልዩ ነበር። ከ1959 እ.ኤ.አ. በኋላ ደግሞ ከቲቤት የተሰደዱ ብዙ ሰዎች ዙሪያውን ሰፈሩ። ለእነሱ መሳለሚያም ነው፣ ሰፈርም ነው።

በጣም ያሳዘነኝ በ2015 እ.ኤ.አ. የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ በአንድ መስመር ማለፋችሁ ነው። ጫፉ ክፉኛ ተጎድቶ እስከ ጉልላቱ ድረስ ፈርሶ እንደ አዲስ ተሠራ። በኅዳር 2016 እ.ኤ.አ. ዳግም ሲከፈት፣ ወጪው በአብዛኛው የተሸፈነው ከቡድሂስት ምእመናን በተሰበሰበ መዋጮ ነበር። ይሄ እኮ ዋናው ታሪክ ነው!

የምትሄዱ ካላችሁ፣ ካሜራችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱና መጀመሪያ ሦስት ዙር ከሰዉ ጋር ዙሩ።