የረጋውን ማር ስም አታጥፉ

ወገኖቼ፣ ስለ ማር የምንፈርደውን ያህል ብናውቅ ኖሮ ጥሩ ነበር። ማሩ ከረጋ "ስኳር ገብቶበታል" ብለን ጨርሰናል። ክብሪት ነክረን እንጭራለን፤ ውሃ ላይ ጠብ እናደርጋለን፤ ከዚያ ሻጩን ሌባ እንላለን። እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። አንድ ጊዜ ከማሻ የመጣ ነጭ ማር ረጋብኝና "አታለልሽኝ" ብዬ ለሴትየዋ መለስኩላት። ገተም ከሚባለው ዛፍ አበባ የተቀሰመ ማር ነበር። የገተም ማር ደግሞ ይረጋል። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ማር ውስጥ ያሉት ዋና ስኳሮች ሁለት ናቸው፤ ፍሩክቶስና ግሉኮስ። ግሉኮስ በዚያች ጥቂት ውሃ ውስጥ ሟሙቶ መቆየት አይሆንለትም፤ ሲበዛ ይጠጥራል። ፍሩክቶስ ግን እንደሟሟ ይቆያል። የትኛው እንደሚያመዝን የሚወስነው በአብዛኛው ንቧ የቀሰመችው አበባ ነው። የጎመን ዘር ማር ግሉኮሱ ስለሚበዛ ከተቆረጠ ብዙም ሳይቆይ ይረጋል። አውሮፓ ውስጥ ሮቢኒያ ከሚባል ዛፍ የሚገኘው ማር ደግሞ ፍሩክቶሱ ስለሚያይል ወራት ቢቀመጥም ወለላ ነው። ብርዱም አለ። ማር ለመርጋት የሚመቸው 14 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የአዲስ አበባ ጓዳ በክረምት ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ላቦራቶሪ እነዚህን ስኳሮች አንድ በአንድ ለይቶ ይለካል። ማልቶስና ቱራኖስ የሚባሉ ጥቃቅኖችም አሉ፤ መጠናቸው እንደ አበባው ይለያያል። እርግጥ ስኳር ብቻውን "ይህ የግራዋ፣ ያ የብሳና" ብሎ አይፈርድም። የአበባ ብናኙም በማይክሮስኮፕ ይታያል። የእናንተ ክብሪት ግን ከዚህ አንዱንም አያይም። ክብሪት የሚያውቀው እርጥበት ብቻ ነው።

አጭበርባሪ የለም አላልኩም። ሞልቷል። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ በ100 ግራም ማር ውስጥ ሱክሮስ በአብዛኛው ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ይላል። ሱክሮስ ሻይ ላይ የምንጨምረው ያው ስኳር ነው። ብልጣብልጡ ታዲያ በማር ወቅት ለንቦቹ የስኳር ውሃ ያጠጣል። ንቦቹ ሱክሮሱን ሰንጥቀው ፍሩክቶስና ግሉኮስ ያደርጉለታል፤ ማሩም የሱክሮሱን ምርመራ ያለ ችግር ሊያልፍ ይችላል። ነገር ግን የእኛ ስኳር የሸንኮራ አገዳ ልጅ ነው። አገዳ፣ ልክ እንደ በቆሎና ጤፍ፣ ካርቦንን ከአየር የሚይዝበት መንገድ ንቦች ከሚቀስሟቸው ከአብዛኞቹ አበቦች ይለያል። ያ አሻራ በንብ ሆድ አልፎም አይጠፋም፤ በካርቦን ምርመራ ይያዛል።

የሚያናድደኝ ግን የእኛ ድርሻ ነው። "ወለላ ካልሆነ አልገዛም" ስንል ነጋዴው ምን ያድርግ? ደህናውን ማር እሳት ላይ ይጥደዋል። መዓዛው ይበናል፣ ኢንዛይሙ ይሞታል። እኛም ያንን ቀቅሎ የጨረሰውን "ንጹህ ማር" ብለን አመስግነን እንገዛለን! የረጋውን ሐቀኛ ደግሞ ሰድበን እንመልሳለን።

እስቲ ክብሪቱን አስቀምጡና ሻጩን ጠይቁ፤ ከየት መጣ? ንቦቹ ምን አበባ ቀሰሙ? መቼ ተቆረጠ? የአደይ አበባ ማር የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር ነው። በሚያዝያ "ትናንት የተቆረጠ የአደይ ማር" የሚላችሁ ካለ፣ ያኔ ሌባ በሉት።