«ሩዝ አለበት!» እና ምን ይጠበስ?

ባለፈው ሰሞን ሰፈራችን ካለችው እንጀራ ሻጭ ዘንድ ተራ ይዤ ነበር። ከፊቴ የነበሩት እናት ከላይ ያለውን እንጀራ ገለጥ አደረጉ። ጫፉን ቆረስ አድርገው በጣታቸው አሹት። ከዚያ «ይሄማ ሩዝ አለበት!» አሉ። እጅ ከፍንጅ የያዙ ነው የሚመስሉት። ልጅቷ ደነገጠች። «እማማ፣ ማርያምን! ንጹሕ ጤፍ ነው» ብላ ማለች። እማማ አላመኑም፤ ጥለዋት ሄዱ። እኔ አምስት ገዛሁ። ቤት ገብቼ ስበላው እውነትም ሩዝ አለበት። ግን ለስላሳ ነው፤ ዓይኑም ያምራል።

ሩዙ አላስገረመኝም። መሐላው ነው የገረመኝ። ሰው አሳምሮ በጋገረው እንጀራ ለምን በማርያም ይምላል?

«አለበት» የምትለዋን ቃል ደግሞ ልብ በሉልኝ። ዕዳ አለበት። በሽታ አለበት። ክስ አለበት። ሩዝም አለበት።

እማማ ላይ አልፈርድም። እንጀራ ውስጥ ጀሶና ሰጋቱራ ሲደባለቅ ተገኘ የሚል ዜና የሰማ ሰው ቢጠራጠር ምን ይደንቃል? ችግሩ ከዚያ ወዲህ ጤፍ ያልሆነ ነገር ሁሉ አንድ ከረጢት ውስጥ መግባቱ ነው። ሩዝና ጀሶ እኩል ተከሳሽ ሆኑ። ይህ አልዋጥልህ አለኝ። ልጅቷ ሩዙን ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅኳትም። ሩዝን የገበሬ ቤት እንጀራ ያደረገ አካባቢ ጥራ ብባል ግን ከፎገራ የሚቀድም አላውቅም። ስለዚህ ስለ ፎገራ ላውራ።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የፎገራ ወረዳ ከተማ የሆነችውን ወረታን ታገኛላችሁ። መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጎንደር፣ ሌላው በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልዲያ። ከከተማዋ እስከ ጣና ያለው ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው ጣና ከመግባታቸው በፊት እዚህ ሜዳ ላይ ይንሰራፋሉ። ክረምት ሲሆን ውሃው ይተኛል። አንዳንዴ ከልክ ያልፋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ሰው አፈናቅሏል፤ ከብትና እህል ወስዷል።

ድሮ ይህ ውሃ የሚተኛበት መሬት የከብት ነበር። ገበሬው ጤፉንና ዳጉሳውን ከፍ ያለው ቦታ ላይ ይዘራል። ዝቅ ያለውን ውሃው እስኪሸሽ ጠብቆ ጓያና ሽምብራ ይበትንበታል። ክረምቱን ሙሉ ግን ሜዳው የሣርና የውሃ ነው።

ከዚያ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጡ። ጅግናና ሻጋ በሚባሉ ቦታዎች በነበሩ የገበሬ አምራች ማኅበራት ሩዝ ተሞከረ። ገበሬው ዛሬም «ኤክስ ጅግና» እያለ የሚጠራው ዝርያ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ደርግ ሲወድቅ ማኅበራቱ ፈረሱ። ኮሪያዎቹም አገራቸው ገቡ። በአገራችን እንዲህ ያለ ፕሮጀክት መጨረሻው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቢጫ የተቀባ በርሜልና የወደቀ ታፔላ። ሩዙ ግን ቀረ። ቀርቶም አልቆመ፣ ከቀበሌ ቀበሌ ተዛመተ። ዛሬ የአገሪቱ የሩዝ ምርት ሲነሳ ፎገራና አካባቢው ቀድመው ይጠራሉ። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ ነው የተቋቋመው።

ለምን ቀረ? የግብርና ሰዎች ስለ አፈሩና ስለ ውሃው ያስረዷችኋል፤ ልክ ናቸው። ግን ውሃው ከጥንትም ነበረ። እኔ መልሱ ማጀት ውስጥ ነው ባይ ነኝ።

እስቲ አስቡት። አንድ የፎገራ ገበሬ ቤት ነጭ ሩዝ በሰሃን ቢቀርብ ምን ይባላል? የሕመምተኛ ምግብ ነው የሚመስለው። በወጥ አይጠቀለል፣ እንግዳ አይጋበዝበት፣ ለደቦ አይቀርብ። እህል ተብሎ ጎታ ለመግባት የግድ እንጀራ መሆን ነበረበት። ያደረጉት ደግሞ ሴቶቹ ናቸው። ፈጩት። ለብቻው ጋገሩት። ነጭ ሆኖ ያምራል፤ ሲያድር ግን ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ጤፍ ጨመሩበት፤ ታጠፈ፣ ሰነበተ። አንዷ በዳጉሳ ሞከረች። አብሲቱን የምታወፍር አለች፣ የምታቀጥን አለች። ልኩ በየቤቱ ይለያያል፤ የጋጋሪዋ ምስጢር ነው። ከእንጀራው አልፎ ዳቦ ሆነ፣ ጠላ ሆነ፣ አረቄም ወጣለት። ጭዱ ለበሬ ተረፈ። ይህን ሁሉ በየማጀታቸው እየሞከሩ ነው ያገኙት። ችግር በቅቤ ያስበላል ይባል የለ? ጤፍ ሲጠፋ ያለውን ነጭ ነገር ይዘው ሠሩበት።

አዲስ አበባ ላይ በማርያም የምናስምልበት እውቀት ይህ ነው።

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ጥቂት ሄዶ ወደ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ሌላ ሠፈር አለ። አውራ አምባ። ይህንን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ዙምራ ኑሩ የሚባሉ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ ገበሬ በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ሰዎች ጋር የመሠረቱት ነው። ወንዱ ጥጥ ይፈትላል፣ ሴቷ ታርሳለች፤ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት አላቸው። ጎብኚ ሁሉ ይህን ያይና ይመለሳል። ስለ እኩልነታቸውና ስለ እምነታቸው ብዙ ስለተጻፈ አልደግመውም። እኔን የሚስበኝ ሸማ ቤታቸው ነው።

ምክንያቱም ሸማ ቤቱ ከፍልስፍና ብቻ አልመጣም፤ ከመሬት ማጣትም ነው። በደርግ መጨረሻ ከአካባቢው ተገፍተው ወደ ቦንጋ ተሰደዱ። ሥርዓቱ ተለውጦ ሲመለሱ መሬታቸውን ሌላ ሰው ይዞታል። የቀራቸው 17.5 ሄክታር ነው። ይህ ለመቶዎች የሚሆን ሕዝብ ምን ይበቃል? እንኳን ቀለብ፣ ለዘርም አይተርፍ። ስለዚህ ሸማኔ ሆኑ። ወፍጮ ተከሉ፤ የጎረቤት እህል መፍጨት ጀመሩ። በኋላ ጎብኚ መጣ፣ ለእሱም ማረፊያና ሱቅ ሠሩ።

እና አሁን የአውራ አምባ ጋቢ የገዛ ሰው «የአውራ አምባ ነው» ብሎ ይነግራችኋል። ደረቱን ነፍቶ ነው የሚነግራችሁ። አንድም ሸማኔ «ማርያምን የሽሮ ሜዳ ነው» ብሎ ሲምል አልሰማሁም። አንድ ወረዳ ነው፣ ችግሩም ይመሳሰላል፤ አንዱን መሬት ማጣት፣ ሌላውን የውሃ ብዛት አስጨንቆት የራሱን መላ አገኘ። ጋቢው በስሙ ይሸጣል። ሩዙ ግን ወረታን ለቆ ሲወጣ ስሙን እዚያው ይጥላል።

ሩዙ ስም ያጣው በተሳሳተ ገበያ ስለምንመዝነው ይመስለኛል። ባለሙያ ሲሰበሰብ የሚነሳው አንድ ነገር ነው። ከውጭ የሚገባው ሩዝ ረጅምና ያልተሰበረ ነው፣ የእኛው ተሰባብሮ ይወጣል፣ መወዳደር አልቻለም። እውነት አላቸው። ወረታ ውስጥ መፈልፈያ ቤት ሞልቷል። ብዙዎቹ ማሽኖች ግን ገለፈቱን የሚያወልቁትም ፍሬውን የሚያነጡትም ባንድ ጊዜ ነው፤ ፍሬው ይሰበራል። ገበሬውም ሩዙን መሬት ላይ ሲያሰጣ አንዱ ይደርቃል፣ ሌላው እርጥብ ይቀራል። ዘሩ ለዓመታት ተደባልቋል። ነጋዴው ይህን ሁሉ ቆጥሮ ዋጋ ያወርዳል። አገሪቱም በውጭ ምንዛሪ ሩዝ ማስገባቷን አልተወችም።

መፈልፈያው ይሻሻል፤ ማን ይጠላል? ግን እስከዚያው አንድ ጥያቄ አለኝ። የተሰበረ ሩዝ ለእንጀራ ምን ጎደለው? ያው ይፈጫል አይደል እንዴ! ለሰሃን ሩዝ ነውር የሆነው ስብራት ለሊጥ ምንም ማለት አይደለም። ፎገራ ከፓኪስታንና ከሕንድ ሩዝ ጋር በረጅም ፍሬ መሽቀዳደም የግድ የለባትም። የራሷ ገበያ አላት። ሰው በየቀኑ የሚበላው ነገር ውስጥ ገብታለች፤ ያውም ማንም ሳያስተዋውቃት። የቀረው በስሟ መጥራት ነው። «ጤፍና የፎገራ ሩዝ» ተብሎ፣ ልኩ ተጽፎ፣ ዱቄቱ በኪሎ ቢሸጥ ምን ይገድላል?

«ቅልቅል ይፈቀድ ካልክማ አጭበርባሪ ይወፍራል» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ግን አጭበርባሪው የሚወፍረው በድብብቆሹ ይመስለኛል። አሁን የሩዝ ቅልቅል በንጹሕ ጤፍ ዋጋ ይሸጣል። ትርፉ ለመሃል ነጋዴው ነው። ስሙ ቢጻፍ ዋጋው ለብቻው ይወጣ ነበር። ደግሞ የማወቅ መብት ያለው ሰው አለ። ጤፍ በብረትና በአሰር ነጭ ሩዝን ይበልጠዋል፤ ይህ የሚካድ አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው ሩዝ እየበላ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል። ልጅ የምታሳድግ እናትም እንዲሁ። ለእነሱ ሲባል ይነገር።

ፎገራን ሳሞግስ ደግሞ አንድ የሚቆረቁረኝ ነገር አለ። ላሟ።

የፎገራ ላም የሚባለውን ዝርያ ያያችሁ ታውቃላችሁ። ነጭና ጥቁር ዥጉርጉር፣ ቀንዷ አጭር፣ ረግረግ ውስጥ ቆማ የምትግጥ። በወተቷ የተመሰገነች ናት። ያ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ የእሷ ነበር ብያለሁ። ሩዝ ሲመጣ ሜዳው ታረሰ። ግጦሹ ጠበበ፣ ላሞቹ ተመናመኑ፣ ከሌላው ከብትም ጋር ተዳቀሉ። ባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዝርያው እንዳይጠፋ መንጋ ይዟል። ጥሩ ነው። ግን ላም በምርምር ጣቢያ መኖሯና በገበሬው ደጅ መኖሯ አንድ አይደለም። ገበሬውን ሩዙን ተው ልትለው አትችልም፤ ልጆቹን ያሳደገው እሱ ነው። ጭዱን በአግባቡ የሚያከማችበትና የሚያለማበት መንገድ ቢኖረው ግን አንድ ሁለት ላም የማያቆይበት ምክንያት አይታየኝም። ይህን ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ሰዎች ቢጽፉበት ደስ ይለኛል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉ ውስጥ ያለው ግጭት ደግሞ ሁሉንም አክብዶታል። መንገድ ሲዘጋ የወረታ ሩዝ ቆሞ ይቀራል፤ አውራ አምባም እንግዳ አይደርስም። ስለ ዱቄት ማሸጊያ ሳወራ ይህ ይጠፋኛል እንዳትሉ። ገበሬው ግን በግጭቱም መሃል ሰኔ ሲገባ ይዘራል፤ ጥቅምትና ኅዳር ያጭዳል። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ መሰየም ያን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም።

ትናንት ልጅቷ ጋ ተመለስኩ። እንጀራው ሩዝ እንዳለው እንዳወቅሁ ነገርኳት። ልትምል አፏን ከፈተች፤ ተይ አልኳት። ሳቀች።

«ሦስት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ሩዝ ነው ጋሼ» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አትጽፊውም?»

«ብጽፈውማ ቀንሺ ይሉኛል።»

«ትንሽ ብትቀንሺስ?»

አሰበችበት። በጣቷ ቆጠር ቆጠር አደረገች። «ለጠየቀኝ እነግራለሁ» አለች። «ያልጠየቀኝን ምን አስለፈለፈኝ?»

«እማማስ ጠይቀውሽ የለ?»

«እሳቸው መች ጠየቁኝ?» አለች እንጀራውን እየጠቀለለችልኝ። «ከሰሱኝ እንጂ።»